የመሪ መወዛወዝ በእርዳታ ፒክ አፖች ላይ፤ መንስኤውና የአመረማመሩ ቅደም ተከተል

ድርቅ በደረሰበት አካባቢ እህልና መድኃኒት በመጋዘን መኖሩ ብቻውን ሕይወት አያድንም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በሰፊው የአገሪቱ ክፍል በደረሰው ረሃብ፣ ከእርዳታው ማነስ ሌላ የመጓጓዣ እጦት ከባድ እንቅፋት እንደነበረ ይታወሳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲጓደሉም፣ በዲላና በያቤሎ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጠቀሜታው ጎልቶ ታይቷል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሐዋሳ በዚሁ ጎዳና ላይ በመሆኗ፣ ወደ ደቡብ የሚሰማሩ ተሽከርካሪዎች ጭነት ከመያዛቸው በፊት ሊፈተሹባት የምትመች ከተማ ናት።

በነዚህ ተሽከርካሪዎች ላይ ከሚደርሱት ብልሽቶች አንዱና አደገኛው ብርቱ የመሪ መወዛወዝ ነው። በእርዳታ ሥራ በብዛት የሚታወቀው የቶዮታ ላንድክሩዘር ፒክ አፕ፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል የተያያዙበት ነው። አሠራሩ ለአስቸጋሪ መንገድ ጠንካራ ቢሆንም፣ አንዱ ጎማ የተመታው ምት ወደ ሌላው ይተላለፋል። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ልልነት ካለ ምቱ በመብረድ ፈንታ ከግራ ወደ ቀኝ እየተመላለሰ ይበረታል፤ አሽከርካሪውም መሪውን መቆጣጠር ይሳነዋል።

ብልሽቱ የሚጀምረው በፒስታ መንገድ ሲሆን የሚገለጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአስፋልት ላይ ነው። ድንጋይና ጉብታ ያላላው መጋጠሚያ በዝግታ ጉዞ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ተሽከርካሪው ፍጥነት ሲጨምርና ጎማው አንዲት ጉድጓድ ሲመታ ግን መወዛወዙ በድንገት ይነሣል።

የመጀመሪያው ምርመራ አሽከርካሪውን መጠየቅ ነው። በተወሰነ ፍጥነት ብቻ ተሰምቶ ፍጥነት ሲጨምር የሚጠፋ ቀላል ንዝረት፣ የጎማ ባላንስ ጉድለት ምልክት ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ፍሬኑ ይመረመራል። ጉብታ ከተመታ በኋላ ተነሥቶ ተሽከርካሪው በጣም እስኪዘገይ የማይቆም ከሆነ ግን ልልነት መኖሩን ያመለክታል።

ሁለተኛው ጎማ ነው። የነፋሱ መጠን፣ ያልተስተካከለ አበላል፣ የቸርኬ መጣመምና የዳዶዎች መላላት ይታያሉ። በቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃም ባላንስ ስለሚያዛባ ይጸዳል። የፊትና የኋላ ጎማዎች ቦታ ሲለዋወጡ መወዛወዙ ከተለወጠ ምክንያቱን ከጎማዎቹ መፈለግ ይገባል።

ሦስተኛው የሁለት ሰው ሥራ ነው። ተሽከርካሪው በጎማው እንደቆመ አንዱ መሪውን በጥቂቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያመላልስ፣ ሌላው ከታች ሆኖ ቴስቲናዎቹን፣ አክስሉን ከሻሲው ጋር በአግድም የሚያያይዘውን ዘንግና ጎሚኒዎቹን፣ እንዲሁም የመሪ ሳጥኑን ብሎኖች ይመለከታል። መሪው ተንቀሳቅሶ ጎማው የሚዘገይ ከሆነ፣ እንቅስቃሴው የጠፋበት መጋጠሚያ የብልሽቱ ቦታ ነው።

አራተኛው ምርመራ በክሪክ ይከናወናል። ጎማው ከተነሣ በኋላ ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል። ጨዋታ ካለው ረዳቱ ፍሬን ይይዛል፤ ጨዋታው ከጠፋ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ግን ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞርበት የፔርኖ ኩሽኔታ ይመረመራል። ይህ ኩሽኔታ ከላይና ከታች በመሆኑ ሁለቱም በአንድነት መታየት አለባቸው። የፊቱ ሞላ ወይም ባሌስትራ ተለውጦ ተሽከርካሪው ከፍ ካለ፣ መሪውን ወደ ቀጥታው የሚመልሰው የአክስሉ ዘመም ማለትም ሊዛባ ስለሚችል ይለካል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስሕተት የመሪውን አሞርዛተር ብቻ መለወጥ ነው። አዲስ አሞርዛተር ልልነቱን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። ተሽከርካሪው ተጠገነ ተብሎ ሠራተኞችንና ጭነት ይዞ ከጋራዥ ርቆ ከሄደ በኋላ መወዛወዙ ሲመለስ፣ አደጋው ከቀድሞው የከፋ ይሆናል። ስለዚህ አሞርዛተሩ የሚታየው ሌላው ሁሉ ከተመረመረ በኋላ ነው።

መወዛወዙ በጉዞ ላይ ከተነሣ አሽከርካሪው ፍሬን በድንገት መርገጥ የለበትም። መሪውን በሁለት እጁ አጽንቶ ይዞ፣ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሥቶ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ከዚያም ከመንገድ ወጥቶ ዳዶዎቹንና መጋጠሚያዎቹን ይመለከታል። ከጥገና በኋላ ተሽከርካሪው ያለ ጭነት ተሞክሮ፣ የተለወጠው ዕቃና የተነዳው ኪሎ ሜትር በመዝገብ ሊሰፍር ይገባል። የስምሪት ኃላፊዎችም የጭነቱ አስቸኳይነት ይህን ምርመራ ለመዝለል ምክንያት እንዳይሆን መጠንቀቅ አለባቸው፤ በመንገድ የተገለበጠ እርዳታ ለተራበው አይደርስምና።