አደጋ ሳይመጣ የሚነቃ ሕግ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ውሻው መጮኹ አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው ጩኸቱ የተሰማው በጉ ከተበላ በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ከአንባቢዎቻችን ጋራ ልንነጋገርበት የፈለግነውም ነገር የዚሁ ተረት ወገን ነው፤ ይኸውም ስለ አደጋ የተጻፉት ሕጎቻችንና ፖሊሲዎቻችን የሚጮኹት መቼ ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከጎፋ እንጀምረው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፥ በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ ብርቱ ዝናም የጠገበ ኰረብታ ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች፥ እንደ አገራችን ልማድ ማንም ሳያዛቸው፥ ያለው አካፋና ዶማ ይዞ ያጣውም በባዶ እጁ፥ የተቀበሩትን ለማውጣት ተረባረቡ። እነርሱ ጐንበስ ብለው ሲቈፍሩ ኰረብታው ለሁለተኛ ጊዜ ተናደና ሊያድኑ የመጡትን ሊድኑ ከሚጠብቁት ጋራ አንድ ላይ አለበሳቸው። ከሟቾቹ መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፥ መምህራን፥ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩባቸው። በሦስተኛው ቀን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ያስታወቀው የሟቾች ቍጥር 257 ደርሶ ነበር፤ ከ15 ሺህ በላይ የሆኑ ሰዎችም ከአካባቢው መነሣት እንደሚያስፈልጋቸው ተነገረ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ዐወጀ።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርታችንን ጨርሰን ከወጣን ገና ብዙ አልቈየንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ ስናጠና፥ አንድ ሰው ሕይወቱ በብርቱ አደጋ ላይ የወደቀ ሰው አይቶ፥ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ ሊረዳው እየቻለ ዝም ብሎ ቢያልፍ እንደሚቀጣ ተምረናል። ሕጉ ከተራው ሰው የሚጠይቀው ይህን ያህል ብቻ ነው። የጎፋ ጎረቤቶች ግን ሕጉ ካዘዘው አልፈው ሄደው ነፍሳቸውን ሰጡ። እነርሱ ለጎረቤታቸው ያለባቸውን ዕዳ ከነወለዱ ከከፈሉ፥ ለእነርሱስ ዕዳ የነበረበት ማን ነው? «ተራራው ገና አልጨረሰም፤ ፈቀቅ በሉ» ብሎ የሚናገር፥ ዕውቀቱም ሥልጣኑም ያለው ሰው አስቀድሞ በስፍራው እንዲኖር ማድረግ የማን ሥራ ነበር?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገራችን በደረሰው በክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ አልቆ፥ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ፥ ሕዝቡ በረኀብ ባለቀ ጊዜ፥ አፄ ምኒልክ ጎተራቸውን እንደ ከፈቱና ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በዚያን ዘመን ርዳታ የሚገኘው ከቸርነት ነበር። ቸርነት ደግሞ ሕግ አይደለም፤ የሰጠ ይመሰገናል፥ ያልሰጠ ግን አይከሰስም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኀብ ተሸሽጎ ቈይቶ ከተገለጠ በኋላ፥ በ1966 ዓ.ም. የርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ አደጋን የሚከታተል ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አገኘን። ሆኖም መሥሪያ ቤት መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ 1977 ዓ.ም. አሳየን። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሽ መንግሥታት አምስት ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በረኀብ አፋፍ ላይ መቆሙን አስታውቆ ነበር። ለጋሾቹ አመነቱ፤ የጊዜውም መንግሥት በመስከረም 1977 ዓ.ም. ለሚያከብረው ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ይል ነበር። ዓለም የደነገጠው በጥቅምት የቆረም መጠለያ ሥዕል በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። እንግዲህ ውሻው በጊዜው ጮኾ ነበር፤ የጠፋው ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ተነሥቶ ይህን ያድርግ ብሎ የሚያስገድድ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ የተጻፉት ፖሊሲዎች ከዚህ መከራ የተማሩ ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ማንም ሰው በምግብ እጦት ሊሞት እንደማይገባ፥ ርዳታም ከልማት ጋራ እንዲያያዝና ጤነኛው ሠርቶ እንዲረዳ አሰበ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ደግሞ በመጀመሪያ አምስት ሚሊዮን ገደማ ለሚሆኑ፥ በየዓመቱ የምግብ እጥረት ለሚገጥማቸው ሰዎች የየዓመቱን የርዳታ ጥሪ ሳይጠብቅ የሚደርስ ድጋፍ መደበ፤ የሚችለው እርከን እየሠራ፥ አቅም የሌለው ሳይሠራ እንዲቀበል።

ነገር ግን ረኀብ ብቻ አይደለም ሰው የሚገድለው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ወሰደ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ዓይኑን ከድርቅ ወደ ጎርፉም፥ ወደ ወረርሽኙም፥ ወደ ሌላውም አደጋ አዞረ፤ ከደረሰ በኋላ ከመርዳት ይልቅ ሳይደርስ ስጋቱን መቀነስ ይቅደም አለ፤ ኀላፊነቱን እስከ ወረዳ አወረደ፤ እያንዳንዱ ወረዳም የሚያሰጋው ነገር ምን እንደ ሆነ ተጠንቶ እንዲጻፍ ፈለገ። በመልካም የተጻፈ ነው። ቢሆንም ከአራት ዓመት በኋላ፥ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ገደለ፤ በአሥራ አንደኛው ዓመት ደግሞ ጎፋ ሆነ።

ታዲያ የጐደለው ምንድን ነው? ለእኛ እንደሚመስለን ጕድለቱ በፖሊሲና በሕግ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ፖሊሲ መንግሥት ሊያደርግ ያሰበውን ይናገራል፤ ሕግ ግን ማን ምን እንዲያደርግ ግዴታ እንዳለበት፥ ባያደርግስ ምን እንደሚከተለው ይወስናል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 89 መንግሥት የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል፥ ሲደርስም ለተጎጂው በወቅቱ ርዳታ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ነገር ግን ይህ አንቀጽ የተቀመጠው በፖሊሲ መርሆዎች ምዕራፍ ውስጥ ስለ ሆነ፥ አንድ ተጎጂ እንደ መብት ይዞት ፍርድ ቤት ለመቆም አይቀለውም።

ብዙ ሰው ያላስተዋለው ግን ሌላ ሰነድ አለ። በ2002 ዓ.ም. በካምፓላ የተፈረመውን፥ በአፍሪካ የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን ለመጠበቅና ለመርዳት የወጣውን ስምምነት አገራችን በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ የሕግ አካል ነው። ይህ ስምምነት መንግሥታት የቅድመ ማስጠንቀቂያ ዘዴ እንዲያቋቁሙ ያዝዛል፤ በተፈጥሮ አደጋ ጊዜ ተፈናቃዮችን ከመጠበቅና ከመርዳት ቸል ያለ መንግሥትም ለደረሰው ጉዳት ካሣ እንዲከፍል ኀላፊ ያደርገዋል። እንግዲህ ቸርነት የነበረው ነገር ዕዳ ሆኗል ማለት ነው። የቀረው ዕዳው በወረዳና በቀበሌ ደረጃ በስምና በሥራ እየተለየ እንዲጻፍ ነው።

«አገሪቱ ድኻ ናት፤ ይህ ሁሉ በምን ገንዘብ?» የሚሉን አይጠፉም። ይህን ጥያቄ በሰፈራችን ላሉ አንድ የእድር ዳኛ አቅርበንላቸው ነበር። ሳቅ አሉና፥ «ልጄ፥ እድራችን ድንኳን የሚገዛው ሰው ሳይሞት ነው» አሉን። እንዲህም ብለው አስረዱን፦ ወርኀዊ መዋጮው የሚሰበሰበው ሁሉም በጤና ሳለ ነው፤ ድንኳኑን የሚተክለው፥ ውሃ የሚቀዳው፥ መርዶ የሚነግረው ማን እንደ ሆነ በመተዳደሪያው ደንብ ተጽፏል፤ የቀረ መቀጫ ይከፍላል። እኛም በትልልቅ መጻሕፍት ስንፈልገው የከረምነውን ነገር ከእኒህ አዛውንት በአንድ ዐረፍተ ነገር አገኘነው። የእድሩ አባሎች ከመንግሥት ይልቅ ድኾች ናቸው፤ ነገር ግን ተራው የማን እንደ ሆነ ያውቃሉ።

ደግሞም አስቀድሞ መንቀሳቀስ እንደሚቻል አይተናል። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር በአፋርና በኦሮሚያ ድንበር በፈንታሌ ዙሪያ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ፥ ቤቶች ሲሰነጣጠቁ፥ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ከስፍራው እንዲነሣ ተደርጓል። የተነሡት ሰዎች በመጠለያ ብዙ ተቸግረዋል፤ ቢሆንም ለመቸገር በሕይወት መቈየት ይቀድማል።

የሚነሣው ሰው ግን ወዴት እንደሚሄድም ሕጉ ማሰብ አለበት። ገበሬን «ከዚህ ቁልቁለት ተነሥ» ማለት ቀላል ነው፤ የሚያርሰው መሬት ሳይሰጡት ቢያስነሡት ግን ክረምቱ ሲያልፍ ወደዚያው ይመለሳል። መሬቱ ከነይዞታ ደብተሩ ጭቃ ውስጥ የቀረበት፥ አባትና እናቱን ያጣ ልጅስ መብቱን በማን አፍ ይጠይቃል? ስንዴና ብርድ ልብስ ማደል የርዳታው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ተዳፋት ባለበት ቀበሌ ሁሉ ዝናሙ ሲበዛ የሚለካ ሰው፥ ልኩን ሲያልፍ ደወል የሚደውል ሰው፥ ደወሉ ሲደወል ሕዝቡ የሚሄድበት የታወቀ ስፍራ፥ ናዳ በደረሰም ጊዜ አዳኞችን የሚያሰልፍና ሁለተኛውን ናዳ የሚጠብቅ ሰው እንዲኖር፤ እነዚህም ሰዎች በሕግ እንዲሾሙ፥ ቸል ቢሉም በሕግ እንዲጠየቁ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ከዚህ የተለየ አልተናገሩም።

ክረምት በየዓመቱ ይመጣል። የሚመጣውም ክረምት በአንዱ ኰረብታ ሥር አንድ ጎረቤት ሲጮኽ ይሰማ ይሆናል፤ ሕዝባችንም እንደ ልማዱ አካፋውን ይዞ እንደሚሮጥ አንጠራጠርም። ያን ጊዜ ሕጋችን ከእርሱ ቀድሞ በስፍራው ቆሞ እንዲጠብቀው ማድረግ ግን የሁላችንም ተራ ነው።