ስለ ዋልያና ሊያየው ስለሚመጣ እንግዳ

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ በላይ የስሜን ተራራ ይጀምራል። ይህ ተራራ እንደ ሌላው ተራራ ጫፉ ሹል አይደለም፤ ላዩ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ጅብራና አስታ የሚባሉ ዕፀዋት ይበቅሉበታል። በአንድ ወገን ግን ምድሩ በድንገት ተቆርጦ ገደል ይሆናል። ገደሉም እጅግ ጥልቅ ነው፤ ከአፋፉ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ንስሮች ከበታቹ ሲበሩ ያያል። በኢትዮጵያ ካሉት ተራራዎች ሁሉ የሚረዝመው ራስ ደጀንም በዚሁ በስሜን ነው፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር ይበልጣል።

በዚህ ገደል ላይ ዋልያ ይኖራል። ዋልያ የፍየል ወገን ነው፤ ከስሜን በቀር በዓለም ሁሉ በየትም ዱር አይገኝም። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ የተቆለመመ ነው፤ የአንዳንዱም ርዝመት አንድ ሜትር ይሞላል፤ ከአገጩ በታች ጥቁር ጢም አለው። ሰው እጁንና እግሩን አጣብቆ በማይወጣበት ዓለት ላይ ዋልያ ያለ ጭንቀት ይሄዳል። ሴቲቱ አምስት ወር ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች። አንባቢ ልጅ ሆይ፣ ይህን ነገር ልብ አድርግ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ከዋልያ ጋራ ጭላዳ አለ። ጭላዳም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ ሀገር ዱር የለም። በደረቱ ላይ ጠጉር የሌለበት ቀይ ቆዳ ይታያል። ሌሎች ዝንጀሮዎች ፍሬና ሥጋ ሲፈልጉ እርሱ ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር እየነጨ ይበላል፤ ሲመሽም ወደ ገደሉ ወርዶ በዓለት ላይ ያድራል። አንዳንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው በአንድነት ይሰማራሉ። ባላገሩ ግን ገብሱን ስለሚያበላሹበት አይወዳቸውም። በገብስ ማሳ አጠገብ ያላደገ ሰው ጭላዳን መውደድ ይቀለዋል።

ቀይ ቀበሮም አለ፤ አይጥ እያደነ የሚኖር ረዥም እግርና ቀጭን አፍ ያለው አውሬ ነው። በኢትዮጵያ ሁሉ ያለው ቁጥሩ ተደምሮ 500 ያህል ብቻ ነው። የእርሱ ጠላት ጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ ከመንደር ውሻ የሚጋባበት የእብደት በሽታ ይፈጀዋል።

እነዚህን ለማየት ሰው ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ነገሩ የባላገሩን ልጅ ያስገርመዋል፤ «ዝንጀሮ ለማየት ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣሉን?» ይላል። ዳሩ ግን ሰው በሀገሩ የሌለውን ነገር ማየት ይወዳል። እኛ ደጋ ያደግን ሰዎችስ ባሕርን ለማየት አንመኝምን?

እንግዳ ሲመጣ ሥራ ይገኛል። ይህ እንግዳ ሀገር ጎብኚ ይባላል። ወደ ተራራው ያለ ዘብ መግባት አልተፈቀደለትም፤ ስለዚህ ጠመንጃ የያዘ ዘብ አብሮት ይሄዳል። መንገድ መሪ ያስፈልገዋል፤ ወጥ የሚሠራለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ድንኳኑንና ስንቁን የሚጭን በቅሎ፣ በቅሎውንም የሚነዳ ጫኝ ያስፈልገዋል። ጫኞቹ ማኅበር አላቸው፤ በቅሎዎቻቸውንም በተራ ያከራያሉ። ተራ መግባት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ተራ ባይኖር ኖሮ ቀድሞ የሮጠው ጉልበተኛ ሁሉን ወስዶ ድኻው ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

አሁን ይህን በሒሳብ እንየው። ሁለት ጎረቤቶች አሉ እንበል፤ አንዱ ጠመንጃ አለው፤ ሁለተኛው በቅሎ አለው። ባለ ጠመንጃው አንድ ዋልያ ገደለ፤ ሥጋውን ከቤተ ሰቡ ጋራ ሳምንት በላ፤ ቆዳውን አነጠፈ፤ ቀንዱን ዋንጫ አደረገው። ከዚያ በኋላ ከዚያ ዋልያ ሌላ ነገር አያገኝም። ባለ በቅሎው ግን ያንኑ ዋልያ ሊያዩ ለመጡ እንግዶች በቅሎውን በዓመት ሃያ ቀን አከራየ እንበል፤ ዋልያው አሥር ዓመት ቢኖር ሁለት መቶ ቀን ኪራይ ይሆናል፤ ዋልያውም ግልገል ይተካል። ሒሳቡ የተገለጠ ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ይህን ሒሳብ ሲያስተምር አንድ ነገር ይዘነጋል። ባለ ጠመንጃው በቅሎ የለውም። በቅሎ ከሌለው፣ ቤቱም ከመንገዱ ርቆ እንግዳ የማያልፍበት ከሆነ፣ የዋልያው መኖር ለእርሱ ምን ይጠቅመዋል? «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው። ሣሩ ተከልክሎ፣ ገብሱ በጭላዳ ተበልቶ፣ ከእንግዳው አንድ ሳንቲም ሳያገኝ «አራዊቱን ጠብቅ» ቢሉት ቃሉ በጆሮው አይገባም። እንግዲህ አራዊቱ በሕይወት እንዲኖሩ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የባለ ጠመንጃውን ምጣድ ማሰብ አለበት።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1969 የኢትዮጵያ መንግሥት ይህን ስፍራ ብሔራዊ ፓርክ ብሎ ዐወጀ። በዚያ ዘመን ዋልያ ከአደን ብዛት የተነሣ ወደ 150 ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር። በ1978 ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም ማኅበር በመላው ዓለም አሥራ ሁለት ስፍራዎችን መርጦ በመጀመሪያው የቅርስ መዝገብ ሲጽፍ ስሜን ከላሊበላ ጋራ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሆነ። ትልቅ ክብር ነበረ። ነገር ግን ሰውና ከብት በፓርኩ ውስጥ ስለ በዙ፣ ቁልቁለቱም ስለ ታረሰ፣ በ1996 ከጥፋት አፋፍ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋራ ተቈጠረ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሥራ ተሠራ። ከሥራውም አንዱ ግጭ በምትባለው መንደር፣ በተራራው ሜዳ ላይ ይኖሩ የነበሩትን በመቶ የሚቆጠሩ ቤተ ሰቦች አንሥቶ በደባርቅ ማስፈር ነበረ። ሣሩ ዳነ። ከአባቱ ርስት የተነሣ ገበሬ ግን በከተማ ዳር ምን ያርሳል? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ፓርኩ ዳነ ብሎ መደሰት ለእኔ ከባድ ነው።

እንግዳውም ቢሆን ጥፋት አለበት። እንግዳ በበዛ ቁጥር የሚነደው ማገዶ ይበዛል፤ አስታ ግን እስኪያድግ ብዙ ዘመን ይፈልጋል። የውኃ ጠርሙስና የላስቲክ ከረጢት በሜዳው ላይ ይጣላል። ለጭላዳ ዳቦ የሚወረውር እንግዳ ደግ ያደረገ ይመስለዋል፤ ጭላዳው ግን የሰው መብል ከለመደ ሣሩን ትቶ ድንኳን መበርበር ይጀምራል፤ ከዚያም ይደበደባል።

አንድ ነገር በመምህርነቴ ልናገር። እንግዳ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ሕፃናት ቆመው «ብር ስጠን፤ ብዕር ስጠን» እያሉ ይጮኻሉ። እንግዳውም አዝኖ ይሰጣል። ዛሬ አንድ ብር የተቀበለ ልጅ ነገ ከትምህርት ቤት ቀርቶ እዚያው ይቆማል፤ ከነገ ወዲያ ታናሽ እኅቱን ይዞ ይመጣል። እንግዳው ምጽዋት የሰጠ መስሎታል፤ ልጁን ግን ከፊደል ገበታው ላይ ገዛው። መስጠት የፈለገ ለትምህርት ቤቱ አለቃ ቢሰጥ፣ ወይም እናቲቱ የፈተለችውን የበግ ጠጉር ቆብ በዋጋው ቢገዛ ይሻል ነበር። ቆብ የሸጠች ሴት ባለ ሙያ ናት፤ ማንንም አልለመነችም።

አራዊትን መጠበቅ ከፈረንጅ የተማርነው አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ወደ መንዝ ይሂድ። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ የሚባል ብርድ ሀገር አለ፤ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ከጓሳ ሣር ነው። በጓሳ ሣር ቤት ይከደናል፤ ገመድ ይገመዳል፤ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ ይሠራል። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የመንዝ አባቶች ይህ ሣር እንዳያልቅ ቄሮ የሚባል ሥርዐት አቆሙ። አለቃ መርጠው ሣሩን ይዘጉ ነበር፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ማንም አያጭድበትም፤ ከብትም አይገባበትም። ቀኑ ሲደርስ ተከፍቶ ሁሉ በደንብ ያጭዳል። አባቶች ይህን ያደረጉት ለጣራቸው ብለው ነው። ነገር ግን ሣሩ ሲቆይ አይጡ በዛ፤ አይጡ ሲበዛ ቀይ ቀበሮ ጠገበ፤ ጭላዳውም የሚነጨውን አላጣም። ስለ ጣራ የተሠራው ሥርዐት አራዊቱን ጭምር አዳናቸው።

በ1975 የመሬት ዐዋጅ ሲወጣ የቄሮ ሥርዐት ፈረሰ፤ ሣሩም ያለ ጠባቂ ቀርቶ ተበደለ። በኋላ ግን የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ተሰብስበው ሕግ አበጁ፤ ጠባቂ ቀጠሩ። ዛሬ እንግዳ የሚያድርበት የማኅበረ ሰቡ የሆነ ቤት በዚያ አለ። እኔ የጓሳን ሥራ ከሌሎች ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ሣሩን የሚዘጋው የሚያጭደው ሰው ራሱ ነው።

ወደ ስሜን እንመለስ። በ2019 በመጋቢትና በሚያዝያ በፓርኩ ላይ እሳት ተነሣ፤ ሣሩንና አስታውን ፈጀ። ባላገሩ ወጥቶ ከእሳቱ ጋራ ታገለ፤ እሳት የማጥፋት ሙያ ያላቸው ሰዎችም ከእስራኤል ድረስ መጡ። ከዚህ የከፋው ግን ከኋላው ነበረ። በ2020 የኮሮና በሽታ ዓለምን ሲዘጋ እንግዳ ቀረ። በዚያው ዓመት በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሥቶ እስከ 2022 ቆየ፤ በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተጀመረ። ደባርቅ ባዶ ሆነች። ተራ የሚጠብቁት በቅሎዎች ተራቸው አልደረሰም።

«አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ይባላል። ኑሮውን በእንግዳ ብቻ ላይ ያቆመ ሰው እንዲሁ ነው፤ እንግዳውን የሚያስቀረው ነገር ሁሉ፣ በሽታም ቢሆን ጦርነት፣ ከእርሱ ፈቃድ ውጭ ነው። ስለዚህ ገብሱን ያልተወ፣ በግ የሚያረባ፣ ቀፎ ያለው ጫኝ ክፉውን ዓመት በትንሽ ጉዳት አለፈው ማለት ይቻላል። በቅሎውን ብቻ ይዞ የነበረው ግን ምን ያድርግ? በቅሎዋም ገብስ ትበላለች።

ሰላም ሲጠፋ ዘቡ እንደ ቀድሞው በገደሉ ሁሉ መዞር አልቻለም፤ ጠመንጃ በየእጁ ሆነ፤ ዋልያም ታደነ። የዋልያ ቁጥር በ2015 ገደማ ከ800 በላይ ደርሶ ነበር። በ2024 የተነገረው ቁጥር ግን 300 ያህል ብቻ ነው።

አሁን ልብ አድርግ ያልሁህን አስታውስ። ከ300 ዋልያ እኩሌታው ወንድ ነው። ከሴቶቹም ገና ያልደረሱ አሉ፤ ያረጁም አሉ። የደረሰችው አንድ ትወልዳለች፤ ግልገሉም በብዛት የሚወለደው ከክረምት በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ስለ ሆነ ገና ሳይጠነክር የስሜን ውርጭ ይመጣበታል፤ ነብርም ይፈልገዋል። እንግዲህ ከ150 ተነሥቶ 800 ለመድረስ ከ1969 እስከ 2015 አርባ ስድስት ዓመት ፈጀ። ከ800 ወደ 300 ለመውረድ ግን ዘጠኝ ዓመት በቃ። ዛሬ ፊደል የሚቈጥር ልጅ ያ መንጋ ተመልሶ 800 ሲሞላ ለማየት ምናልባት ሽበት ማውጣት ይኖርበታል።