መስፉ ሲመታ እንዳይነቃነቅ፣ ሲፈለግ እንዲሄድ

በዚህ ዓመት በቅርስ ትምህርታችን ከመረጥናቸው ሥራዎች አንዱ የብረት ሥራ ነው። ብዙዎቻችሁ ወይም አባቶቻችሁ በጎንደር ዙሪያ ማረሻና ማጭድ፣ ቢላዋና መጥረቢያ ስትሠሩበት የኖራችሁትን ሙያ ለእናንተ ማስረዳት የእኔ ድርሻ አይደለም። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ችግር ብቻ ነው፤ ከባዱን የብረት ሥራ ዕቃ በሥራ ክፍላችን ውስጥ እንዴት እንደምናንቀሳቅሰው።

ክፍሉ የእኛ ብቻ አይደለም። ሌሎች ተማሪዎች እንጨት ይሠሩበታል። ስለዚህ በጨረስን ቁጥር ወለሉን ባዶ አድርገን መውጣት አለብን፤ ይህን ካልቻልን የብረት ሥራው እንደሚቀር ተነግሮናል። መስፋችን ደግሞ 80 ኪሎ ይመዝናል። የተቀመጠበት ግንድ 40 ኪሎ ያህል ነው።

አያቴን ባማክራቸው ሳቁብኝ። "በእኛ ጊዜ ዕቃው ሰውየውን ይከተል ነበር" አሉ። ወናፋቸው ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፤ ተጠቅልሎ በትከሻ ይሄዳል። መዶሻውና ጉጠቱ አንድ ስልቻ ውስጥ ይገባሉ። መስፉም አንድ ሰው የሚያነሳው ብረት ነበር፤ ሹል እግሩ ግንድ ውስጥ ይተከላል፣ ግንዱም መሬት ውስጥ ይቀበራል። ግንድና መሬት በየመንደሩ ስላለ ማንም አይሸከመውም። ትንሿን ብረት ከባድ የሚያደርጋት መሬቱ ነው ማለት ነው። አያቴ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ሲመጡ ያንን ሁሉ ለጎረቤት ትተው መጡ።

ከባድ ነገር ማንቀሳቀስ ሲነሳ ሽማግሌዎች የአፄ ቴዎድሮስን መድፍ ሴባስቶፖልን ይጠቅሳሉ። ጋፋት ላይ ተሠርቶ ክብደቱ 7 ቶን ያህል ሲሆን፣ በ1868 መቅደላ የደረሰው መንገድ እየተጠረገለት፣ ብዙ መቶ ሰው በገመድ እየጎተተው ነው። እኛ ግን አሥራ አንድ ተማሪዎች ነን፤ መሬቱም ሲሚንቶ ስለሆነ ግንድ አይቀበርበትም።

መጀመሪያ የመጣልን ሐሳብ ለሁሉም ሰው የሚመጣው ነው፤ ግንዱን አራት ትናንሽ ጎማ ባለው ጣውላ ላይ አቆምነው። መግፋቱ ቀላል ሆነ። ሥራ ስንጀምር ግን በእያንዳንዱ ምት መስፉ ይሸሽ ጀመር። መስፍ ሲሸሽ የመዶሻው ጉልበት የጋለውን ብረት መቀጥቀጡን ትቶ መስፉን ይገፋል፤ ክንድ ይደክማል፣ ብረቱ ግን አይሳሳም። በዚያ ላይ ከሥራ በኋላ ስንገፋው አንዷ ትንሽ ጎማ ወለሉ ላይ በወደቀች የብረት ቅርፊት ተያዘችና ግንዱ ከነመስፉ ተገለበጠ። የጓደኛዬን እግር በአንድ ስንዝር ሳተው። ለሁለት ሳምንት ሥራ ቆመ።

ያን ጊዜ አያቴ መጥተው አዩትና "እግሩን ቆርጣችሁ ጫማ አደረጋችሁለት" አሉን። ነገሩ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። መስፍ በሥራ ሰዓት መሬቱን ራሱ መርገጥ አለበት። ጎማው መሬት መንካት ያለበት በጉዞ ሰዓት ብቻ ነው።

አሁን ያለን እንዲህ ነው። መስፉ ከግንዱ ጋር በብረት ቀበቶ ታስሯል። በግንዱ በስተጀርባ፣ ከታች፣ በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት የእጅ ጋሪ ጎማዎች አሉ፤ ግንዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጎማዎቹ ከወለሉ ግማሽ ሳንቲሜትር ከፍ ይላሉ፣ ምንም አይሸከሙም። ለጉዞ ከኋላው ባለው ቀለበት ውስጥ ረጅም የብረት ቱቦ እንሰካና ወደ ታች እንጫናለን። ግንዱ ያዘነብላል፣ ጎማዎቹ መሬት ይይዛሉ፣ ይነሳል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ክብደቱ በጠቅላላ 120 ኪሎ፣ ከግንዱ መካከል እስከ ዘንጉ 20 ሳንቲሜትር፣ ከዘንጉ እስከ ቱቦው ጫፍ 1 ሜትር ከ20 ነው። የእጃችን ርቀት ስድስት እጥፍ ስለሆነ ጉልበቱም አንድ ስድስተኛ ይሆናል፤ 20 ኪሎ ያህል። ይህን የክፍላችን ትንሿ ልጅ ታደርገዋለች። ግን አብዝቶ ማዘንበል ክልክል ነው፤ ሚዛኑ ካለፈ ወደ ገፊው ይወድቃልና። ለበሩ ደፍ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ተዳፋት ጣውላ አድርገናል።

ሞርሳው ከዚህ ይቀላል። በቋሚ ብረት አድርገን አሮጌ የጭነት መኪና ቸርኬ ላይ በየድነው። ሲቆም አይነቃነቅም፤ ዘንበል ሲያደርጉት በቸርኬው ጠርዝ እየተሽከረከረ ይሄዳል። ጎማ እንኳ አልገዛንም።

የጋዝ ምድጃው ግን ምት ስለማይወርድበት ባለ አራት ጎማ የብረት ጠረጴዛ ላይ መሆኑ ጉዳት የለውም፤ ሁለቱ ጎማዎች ፍሬን ይኑራቸው እንጂ። ጋዙ ሳይዘጋና ምድጃው ሳይቀዘቅዝ አይገፋም።

አያቴ በመጨረሻ ራሳቸው ለመሥራት ፈቀዱ፤ ሆኖም "ቆሜ አልቀጠቅጥም" አሉ። በአገር ቤት ተቀምጠው ነው የሠሩት። ስለዚህ 20 ኪሎ ያህል የምትመዝን የባቡር ሐዲድ ቁራጭ አጭር ግንድ ላይ አስረን፣ በግራና በቀኝ የገመድ መያዣ አደረግንላት፤ ሁለት ልጆች ያነሷታል። መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ አስቀመጥንላቸው። እርሳቸውም ተቀምጠው ብረቱን ወደ እሳቱ ከሰደዱ በኋላ አውጥተው አዩትና "ከዚህ አንሱልኝ፤ በፀሐይ ብርሃን የብረቱ መጋል አይታይም" አሉ። ሐዲዷን ወደ ጥግ፣ ወደ ጨለማው ወሰድንላቸው። ትልቁን መስፍም አስከተልነው።