ከመጨረሻው ደመወዝ እስከ መጀመሪያው አበል፦ የጡረታ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ዕድሜያቸው 60 ዓመት ሞልቶ ከሥራ የሚሰናበቱ ዜጎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ የታወቀ ነው፤ የመጨረሻው ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የመጀመሪያው የጡረታ አበል መቼ ይገባል? ጉዳያቸውን ጨርሰው ከወንበራቸው ሊነሡ ሲሉ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩት ሌላ ጭንቀት አለ፤ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ። ሁለቱ ጥያቄዎች የማይገናኙ ቢመስሉም የሚደርሱት በእነዚያው ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ኪስ ሲሳሳ ቀኑም ይረዝማል። በመሆኑም ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነዚህ ሳምንታት ላይ ነው።

በቅድሚያ ሕጉን በአጭሩ እንመልከት። በአሁኑ ጊዜ ጉዳዩ የሚመራው በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 እና በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። የመጀመሪያውን የሚያስፈጽመው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር፣ ሁለተኛውን የሚያስፈጽመው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። መደበኛው የመውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ሲሆን፣ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። የመከላከያና የፖሊስ አባላት የራሳቸው ድንጋጌዎች ስላሏቸው እዚህ የሚገለጸው ስለ ሲቪል ሠራተኞች ብቻ ነው።

አገልግሎቱ ያልተራዘመለት የመንግሥት ሠራተኛ ሥራው የሚቋረጠው ዕድሜው በሞላበት ወር የመጨረሻ ቀን ነው። መሥሪያ ቤቱም ይህንኑ ከሦስት ወር በፊት በጽሑፍ ሊያሳውቀው ይገባል። ብዙዎች ደብዳቤውን ሲቀበሉ እንደ ስንብት ካርድ አጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል፤ አንዳንዶች ለቤተሰብ እንኳ ሳያሳዩ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። ስሜቱ የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ደብዳቤው እንደ ሥራ ትእዛዝ ቢቆጠር ይሻላል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ሠራተኛው አሁንም ደመወዝ እየተከፈለው፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያውን እንደያዘ፣ የሰው ሀብት ክፍሉን በር በየቀኑ ማንኳኳት የሚችልባቸው የመጨረሻ ወራት ናቸው። ከወጣ በኋላ ያንኑ ፋይል ለማየት በጥበቃ ተፈትሾ፣ ተራ ይዞ መግባት ሊኖርበት ነው።

በእነዚህ ወራት ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የግል ማኅደር ነው። የአበል ጥያቄን የሚያዘገየው ብዙውን ጊዜ ትልቅ ክርክር ሳይሆን ከዓመታት በፊት የተፈጠረች ትንሽ ጉድለት ናት። ለምሳሌ ለጡረታ የሚያዘው የትውልድ ዘመን ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር በሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ የሰፈረው ነው፤ ኋላ በወጣ መታወቂያ ላይ የተጻፈ ሌላ ዘመን ይህን አይተካውም። ሁለቱ የሚለያዩ ከሆነ ማወቅ የሚሻለው አስቀድሞ ነው። ስምም እንዲሁ ነው። በቅጥር ደብዳቤው ላይ ገብረ መድኅን የተባለው ሰው በፔሮሉ ላይ ገ/መድህን፣ በባንክ ደብተሩ ላይ ደግሞ የአያቱ ስም ተጥሎ ሊገኝ ይችላል። ሥላሴን አንዱ በንጉሡ ‘ሠ’፣ ሌላው በእሳቱ ‘ሰ’ በሚጽፍበት አገር ይህ አይገርምም፤ ለጎረቤት አንድ የሆነው ስም ግን ለፋይል መርማሪ ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ሠራተኛ ደግሞ ከእያንዳንዳቸው የአገልግሎት ማስረጃ መሰብሰብ ይኖርበታል፤ ከመካከላቸው ስሙ የተለወጠ፣ ከሌላው ጋር የተዋሐደ ወይም የፈረሰ ካለ ፋይሉ አሁን የት እንደተቀመጠ ማፈላለግ ብቻውን ሳምንታት ይወስዳል።

የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃዎችም በዚሁ ጊዜ ቢሟሉ ይመከራል። እነዚህ ወረቀቶች ለራሱ ለባለመብቱ አበል ያን ያህል አስፈላጊ መስለው ላይታዩ ይችላሉ። የሚፈለጉት በክፉ ቀን ነው። ባለመብቱ በሞት ቢለይ የትዳር ጓደኛ የአበሉን 50 በመቶ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ የማግኘት መብት አላቸው። ሐዘን ላይ ያለች ሚስት የ35 ዓመት ጋብቻዋን በምስክር ለማስረዳት ከቢሮ ቢሮ ከምትንከራተት፣ ባልና ሚስቱ በሕይወት ሳሉ አብረው ሄደው የምስክር ወረቀቱን ቢያወጡ ይበጃል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የሲቪል ሠራተኛ አበል የሚሰላው ከመውጣቱ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሦስት ዓመታት ሲከፈለው በነበረው አማካይ የወር ደመወዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይታሰብና ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርበታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ፣ 30 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛን እናስብ። 30 በመቶ አለው፤ በቀሩት 20 ዓመታት 25 በመቶ ይጨምራል፤ ድምሩ 55 በመቶ፣ ማለትም 4,400 ብር ይሆናል። ጣሪያው ላይ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ ከመውጣቱ ጥቂት ወራት በፊት የደረጃ ዕድገት ያገኘ ሠራተኛ አበሉ በአዲሱ ደመወዝ ልክ ይሆናል ብሎ መጠበቅ የለበትም፤ የሦስቱ ዓመት አማካይ ጭማሪውን ያሳንሰዋል። ሁለተኛው፣ የኃላፊነት፣ የቤት፣ የትራንስፖርትና የስልክ አበሎች ደመወዝ ስላልሆኑ ስሌቱ ውስጥ አይገቡም። ኑሮው በእነዚህ ላይ ተደግፎ የቆየ ሰው የሚገጥመው ቅናሽ መቶኛው ከሚያሳየው ይበልጣል። በአንጻሩ ከደመወዝ ላይ ይቆረጥ የነበረው የሠራተኛው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከእንግዲህ የለም። ስለዚህ ንጽጽሩ በእጅ ይገባ ከነበረው ገንዘብ ጋር ቢደረግ ለቤት በጀት የሚጠቅመው ትክክለኛው ልዩነት ይታያል።

አበሉ የሚታሰበው ሥራው ከተቋረጠበት ወር ቀጥሎ ካለው ወር ጀምሮ ቢሆንም ገንዘቡ እጅ የሚገባው ማስረጃው ተመርምሮ ከተወሰነ በኋላ ነው። የዘገየው ጊዜ ውዝፍ ሆኖ ይከፈላል እንጂ አይጠፋም። ነገር ግን ባለሱቅ ውዝፍን አይጠብቅም። ይህን ክፍተት ለመሻገር በብዙዎች ዘንድ የሚረሳ አንድ መብት አለ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ያልወሰደው የዓመት እረፍት ካለ አገልግሎቱ ሲቋረጥ በገንዘብ ተለውጦ ሊከፈለው ይገባል። የቀረውን የእረፍት ቀን ብዛት ከሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ መጠየቅ፣ የንብረት ርክክቡንና ክሊራንሱን ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት ሳይሆን ቀደም ብሎ መጀመር ተገቢ ነው። በስሙ የተመዘገበ አንድ አሮጌ ካልኩሌተር ጠፍቶ መሸኛው የዘገየበት ሠራተኛ ጥቂት አይደለም።

ከደመወዝ በቀጥታ ይቆረጡ የነበሩ ክፍያዎችም ልብ ሊባሉ ይገባል። የመሥሪያ ቤቱ እድር፣ የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ሌሎችም መዋጮዎች ለዓመታት ባለቤቱ ሳያስባቸው ሲከፈሉ ቆይተዋል። ፔሮሉ ሲቆም እነርሱም አብረው ይቆማሉ፤ ማንም ደውሎ አያስታውስም። በእድሩ መቀጠል የሚፈልግ ሰው መዋጮውን ከእንግዲህ በራሱ የሚከፍልበትን መንገድ ከመውጣቱ በፊት ከእድሩ ጸሐፊ ጋር ሊነጋገር ይገባል። ያላለቀ ብድር ያለበትም እንዲሁ። አዲስ አበባ ለሚኖሩ ደግሞ የሠራተኛ ሰርቪሱ መቅረት ራሱ ወጪ ነው፤ ለጡረታ ጉዳይ መመላለሻ የሚወጣው የታክሲ ገንዘብ በመጀመሪያው ወር በጀት ውስጥ ቢያዝ አይከፋም።

ስለ ቀኑ ውሎ የሚነገረው ከዚህ ይለያል፤ አዋጅ የለውምና። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አባት መምህር ነበሩ። ጡረታ በወጡ በመጀመሪያው ሰኞ እንደ ወትሮው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥተው፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ጫማቸውን ጠርገው፣ ቁርሳቸውን ቀምሰው ወደ በሩ ሄዱ። በሩ ላይ ቆመው ጥቂት ካሰቡ በኋላ ተመልሰው ተቀመጡ። ማክሰኞም ሸሚዙ ተተኮሰ። በሦስተኛው ቀን ግን ወጥተው እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ሳይገቡ ተመለሱ። ይህን የእግር ጉዞ እስከ መጨረሻው አልተዉትም፤ አቅጣጫው ብቻ ተለወጠ።

ለ30 እና ለ40 ዓመታት ጠዋት 2:30 ላይ ፈርሞ የገባ ሰው አካሉ ያንን ሰዓት በአንድ ቀን አይረሳም። እንቅልፍ ይዛባል፤ ረቡዕ ቅዳሜ ይመስላል፤ ስልክ የማይጠራበት ረፋድ ያስደነግጣል። ይህ የበሽታ ምልክት ነው ተብሎ መፍራት አያስፈልግም። ነገር ግን ሳምንታት አልፈው እንቅልፍ ማጣቱ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነሱና ሰው መሸሹ የሚብስ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ባለሙያ ማማከር ይገባል። የደም ግፊትና የስኳር ምርመራም በዚያው አጋጣሚ ቢደረግ መልካም ነው፤ በሥራ ዘመን “ጊዜ የለኝም” እየተባለ ሲተላለፍ የቆየ ነውና።

በቤት ውስጥም ማስተካከያ ያስፈልጋል። ቀን ቀን ቤቱን በራሷ ሥርዓት ስትመራ የኖረች ባለቤት ድንገት የሽሮውን አቀማመጥ የሚያርም ኃላፊ ሲመጣባት ደስ ላይላት ይችላል። ሴት ጡረተኞች ደግሞ የሚገጥማቸው ተቃራኒው ነው፤ ከቢሮ ሲወጡ የቤቱ ሥራ በሙሉ፣ የልጅ ልጅ ጥበቃው ጭምር፣ “እርስዎ እኮ ቤት ነዎት” እየተባለ ይጫንባቸዋል። ዘመድ አዝማድም ጡረተኛን እንደ ነፃ መልእክተኛ ይቆጥረዋል፤ የመብራት ክፍያ፣ የቀበሌ ወረፋ፣ የልጅ ምዝገባ ሁሉ ወደ እርሱ ይላካል። በመጀመሪያው ወር ለሁሉም እሺ ያለ ሰው በሁለተኛው ወር እምቢ ለማለት ይቸገራል። የትኛውን እንደሚያደርጉ፣ የትኛውን እንደማያደርጉ ገና ከጅምሩ በግልጽ ቢናገሩ ቅሬታ አይፈጥርም።

የሠፈር እድሮች በበኩላቸው መዝገብ የሚይዝ፣ ሒሳብ የሚያውቅ፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። በመንግሥት ሥራ የቆየ ሰው ይህን ችሎታ ይዞ ነው የሚወጣው። ሆኖም በወጡ በማግስቱ ሊቀመንበርነት መቀበልን አንመክርም፤ ጥቂት ወራት እንደ ተራ አባል ተሰብስቦ የሠፈሩን ሰው ማወቅ ይቀድማል። ለዓመታት ማታ ገብቶ ማለዳ ሲወጣ የኖረ ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው በለቅሶ ቤት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ውዝፍ አበልና የእረፍት ክፍያ በአንድ ላይ የገባለት ሰው ወሬው ቶሎ ይሰማበታል። ብድር የሚጠይቅ ዘመድ፣ “በሦስት ወር እጥፍ ይሆናል” የሚል የንግድ ሸሪክ፣ ከማኅበራዊ ዋስትና ነን ብሎ በስልክ የባንክ ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ አጭበርባሪ ሊመጣ ይችላል። የሚስጥር ቁጥርዎን በስልክ ለማንም አይስጡ። ጉዳይዎን “ቶሎ ላስጨርስልዎ” ለሚል ደላላም ገንዘብ አይክፈሉ።

የአበል ጥያቄዎ ቀርቦ ውሳኔው ከዘገየ በመጀመሪያ ሊጠይቁ የሚገባው የቀድሞ መሥሪያ ቤትዎን የሰው ሀብት ክፍል ነው፤ ማስረጃው ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ የተላከበትን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይቀበሉ። ከዚያ በአቅራቢያዎ ወዳለው ቅርንጫፍ ሲሄዱ ይህንኑ ቁጥር፣ መታወቂያዎን፣ የጡረታ መለያ ቁጥርዎንና የስንብት ደብዳቤዎን ይዘው ይቅረቡ። የጎደለ ማስረጃ እንዳለ ከተነገረዎ ምን እንደጎደለ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ጉድለት በሚቀጥለው ቀጠሮ ሌላ ሊሆን ይችላል። በጤና ምክንያት ራስዎ መመላለስ የማይችሉ ከሆነ ሕጋዊ ውክልና የሰጡት ሰው ጉዳዩን ሊከታተልልዎ ይችላል።