ሁለት ጊዜ የታተመችው ወገዳ

በሲ ቋንቋ ፋይል የሚያነብ ሉፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ማብቂያው ላይ ነው። የላይ ጋይንት፣ የእስቴና የስማዳ ከተሞች የሆኑት ንፋስ መውጫ፣ መካነ ኢየሱስና ወገዳ በየመስመሩ የተጻፉበት ፋይል ቢኖር፣ የጀማሪ ፕሮግራም ወገዳን ሁለቴ ሊያትም ይችላል። ጥፋቱ የፋይሉ አይደለም። «ኤፍ ኢኦኤፍ» የተባለው ፋንክሽን ማለቁን የሚናገረው አንድ ንባብ ተሞክሮ ፋይሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ንባቡ መሳካቱን ሳያጣራ የሚያትም ሉፕ ሜሞሪ ውስጥ የቀረውን ስም ይደግማል። መፍትሔው መስመር የሚያነበው «ኤፍ ጌትስ» የሚመልሰውን ውጤት ራሱን የሉፑ መቆጣጠሪያ ማድረግ ነው።

«ኤፍ ስካንኤፍ» ደግሞ በ«%s» ሲያነብ ባዶ ቦታ ላይ ስለሚቆም ንፋስ መውጫን ለሁለት ይከፍለዋል።

በእንግሊዝኛ የተጻፉ መማሪያዎች እምብዛም የማያነሱት የፊደል ጣጣም አለ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ንፋስ መውጫ ከባዶ ቦታው ጋር 19 ባይት፣ መካነ ኢየሱስ 22 ባይት ነው። ለ«ኤፍ ጌትስ» የተዘጋጀው የሜሞሪ ቦታ 20 ባይት ብቻ ከሆነ፣ አንዱ ለመዝጊያው ዜሮ ስለሚያዝ፣ የንፋስ መውጫ የመስመር ማብቂያ ለብቻው ይነበባል፤ «መካነ ኢየሱ» ደግሞ «ስ»ን ለቀጣዩ ዙር ትቶ ይሄዳል። ሦስቱ ከተሞች አምስት ሆነው ይቆጠራሉ። ቦታውን ወደ 100 ባይት ማስፋት ይበቃል።