ጀርመን ወይስ ስዊድን? ሥራ የሚገኝበትና ኑሮ የሚመችበት አገር ሁልጊዜ አንድ አይደለም

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ ባደረገው የሰብዓዊ ልማት ሪፖርት ጀርመንና ስዊድን እኩል ነጥብ አግኝተው አምስተኛውን ደረጃ ተጋርተዋል። በዕድሜ ጣሪያ፣ በትምህርትና በገቢ ሲለኩ ሁለቱ አገሮች የሚበላለጡ አይደሉም። ሠርቶ ለመኖር ወደ ሁለቱ አገሮች የሚሄድ ሰው የሚጠብቀው ግን አንድ ዓይነት ኑሮ አይደለም። በአንደኛው ሥራ ማግኘት ይቀላል፤ በሌላኛው ደግሞ ሥራ ያገኘ ሰው ቤተሰቡን የሚያሳድርበት መደላድል ይሰፋል።

ይህ ልዩነት በአውሮፓ ጉዳይ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። ልጁን ወደ ውጭ ለመላክ ከብት የሚሸጥ አባትም ሆነ ቁጠባዋን ለጉዞ የምታውል የከተማ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት የደመወዙን መጠን ነው። ደመወዙ ከምን ላይ እንደሚቆረጥ፣ ቤቱ በስንት እንደሚገኝ፣ የያዙት ሙያ እዚያ ይታወቅ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚነገራቸው ግን ጥቂት ነው።

የሥራው በር

ጀርመን ከ83 ሚሊዮን በላይ፣ ስዊድን ደግሞ አሥር ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 በአውሮፓ ኅብረት የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት መለኪያ የጀርመን የሥራ አጥነት ምጣኔ ከሦስት በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ሲሆን የስዊድን ከስምንት በመቶ በላይ ነበር። በስዊድን ከውጭ አገር መጥተው የሚኖሩ ሰዎች የሥራ አጥነት ምጣኔ ከአገሬው ተወላጆች በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የጀርመን በር የሰፋበት ዋነኛ ምክንያት የሕዝቡ ማርጀት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተወለደው ብዙ ቁጥር ያለው ትውልድ አሁን ጡረታ እየወጣ ነው። የአገሪቱ የሥራ ገበያ ተመራማሪዎች የሠራተኛው ቁጥር እንዳይቀንስ በየዓመቱ እስከ 400,000 የሚደርስ ተጨማሪ ሰው ከውጭ መግባት እንዳለበት ሲያሳስቡ ቆይተዋል። ነርሶች፣ የአረጋውያን ተንከባካቢዎች፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች፣ የቧንቧ ሠራተኞችና የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች በብዙ ክፍላተ አገሯ ይፈለጋሉ።

ይህ ማለት ግን ጀርመን ችግር የለባትም ማለት አይደለም። ኢኮኖሚዋ እ.ኤ.አ. በ2023ም በ2024ም ቀንሷል። ቮልስዋገን የተባለው የመኪና አምራች በታኅሣሥ 2024 ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር በደረሰበት ስምምነት እስከ 2030 ከ35,000 በላይ የሥራ መደቦችን ለመቀነስ ወስኗል። ስለዚህ የፋብሪካ ሥራ እንደቀድሞው አስተማማኝ አይደለም፤ የጤናና የእንክብካቤ ሥራ ግን ፈላጊው ብዙ ነው።

በስዊድን በኩል ትልቁ ትምህርት የመጣው ከሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ነው። ሼሌፍቴኦ በተባለችው ከተማ የተተከለው የኖርዝቮልት የባትሪ ፋብሪካ ከብዙ የዓለም አገሮች ሠራተኞችን ሰብስቦ ነበር። ኩባንያው በመጋቢት 2025 መክሰሩን አስታወቀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ሥራቸውን አጡ። የሥራ ፈቃዳቸው ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ የውጭ ዜጎች አዲስ ሥራ ለማግኘት የነበራቸው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር። በጀርመንም ቢሆን በሥራ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ዜጋ ሥራውን ሲያጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በሁለቱም አገሮች ለአዲስ መጤ ሥራ ማጣት ደመወዝ ከማጣት ያለፈ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድንም ጥያቄ ውስጥ ይከታል።

እንዴት ይገባል?

ጀርመን ከሰኔ 2024 ጀምሮ “የዕድል ካርድ” የሚባል ፈቃድ መስጠት ጀምራለች። ካርዱ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ወይም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና ያለው ሰው ወደ አገሪቱ ገብቶ እስከ አንድ ዓመት ሥራ እንዲፈልግ ያስችላል። ዕድሜ፣ የሥራ ልምድና የቋንቋ ችሎታ በነጥብ ይመዘናሉ፤ አመልካቹ ቢያንስ ስድስት ነጥብ ማግኘት አለበት። ሥራ እየፈለገ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራትም ይችላል።

ይሁንና ካርዱ ሥራ መፈለጊያ እንጂ ሥራ አይደለም። አመልካቹ ራሱን ለአንድ ዓመት ማኖር እንደሚችል ማሳየት ይጠበቅበታል። ይህም በወር ከ1,000 ዩሮ በላይ፣ በዓመት ከ13,000 ዩሮ በላይ በባንክ ማስቀመጥን ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ሳያብራራ “ጀርመን በሯን ከፈተች” የሚል ደላላ ግማሹን እውነት ብቻ እየተናገረ ነው።

ስዊድን በአንጻሩ አብዛኛውን ሰው የምታስገባው ከጉዞው በፊት የሥራ ውል ካለው ነው። ከኅዳር 2023 በፊት ለሥራ ፈቃድ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 13,000 ክሮና ነበር። ከዚያ ወር ጀምሮ በአንድ ጊዜ ወደ 27,360 ክሮና ከፍ ብሏል፤ መጠኑ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። በዚህ ለውጥ የጽዳት፣ የምግብ ቤትና መሰል አነስተኛ ክፍያ ያላቸው ሥራዎች ለአዲስ መጤ በአብዛኛው ተዘግተዋል።

ሙያና ቋንቋ

በስዊድን ከተሞች እንግሊዝኛ የማይናገር ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ስዊድንኛ ሳይማሩ የሚሠሩ ይመስላቸዋል። ይህ በሶፍትዌርና በምርምር ሥራ እውነትነት አለው። በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን አይሠራም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሠለጠነች ነርስ በስዊድን ፈቃድ ለማግኘት የጽሑፍና የተግባር ፈተና ማለፍ፣ ስዊድንኛን በከፍተኛ ደረጃ ማወቅና የሙከራ አገልግሎት መስጠት ይኖርባታል። ለአዋቂ መጤዎች የሚሰጠው መሠረታዊ የስዊድንኛ ትምህርት በነፃ መሆኑ መንገዱን ያቀልላል።

ጀርመንም ለነርስ መካከለኛ ደረጃ ያለፈ የጀርመንኛ ችሎታና የሙያ ማስረጃ እውቅና ትጠይቃለች። የጀርመን ልዩ መገለጫ ግን ሥራና ትምህርትን ያጣመረው የሙያ ሥልጠና ነው። ሠልጣኙ የሳምንቱን የተወሰነ ቀን በሙያ ትምህርት ቤት፣ ቀሪውን በድርጅት ውስጥ እየሠራ ያሳልፋል፤ በዚህም ጊዜ ደመወዝ ይከፈለዋል። ሥልጠናው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል የሚወስድ ሲሆን ከ300 በላይ የሙያ ዓይነቶች በዚህ ሥርዓት ይሰጣሉ።

ከእነዚህ ሙያዎች አንዱ ግብርና ነው። በጀርመን ገበሬነት የሦስት ዓመት ሥልጠና፣ የመንግሥት ፈተናና የምስክር ወረቀት ያለው ሙያ ሲሆን ከዚያ በላይ የ“ሊቅነት” ማዕረግ አለው። ለመኸር ጊዜ ብቻ የሚቀጠሩት ግን ሌላ ናቸው። አስፓራገስና እንጆሪ ለመልቀም በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ጊዜያዊ ሠራተኞች በተለይ ከፖላንድና ከሮማንያ ይመጣሉ። በስዊድን ደግሞ የጫካ ፍሬ ለመልቀም ለብዙ ዓመታት ከታይላንድ ሠራተኞች ሲመጡ ቆይተዋል። ሁለቱም ወቅታዊ ሥራዎች ናቸው፤ ፍሬው ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል።

ደመወዙና ከደመወዙ የሚቀረው

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2015 በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሥራ ላይ አውላለች። ወለሉ ከጥር 2026 ጀምሮ በሰዓት 13.90 ዩሮ ሆኗል። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው በዚህ ስሌት በወር 2,400 ዩሮ ገደማ ያገኛል። ነገር ግን ለጤና፣ ለጡረታ፣ ለሥራ አጥነትና ለእንክብካቤ ዋስትና የሚከፈለው መዋጮ ብቻ ከደመወዙ አንድ አምስተኛ ያህሉን ይወስዳል። ግብሩ ሲጨመርበት ብቸኛ ለሆነ ሠራተኛ እጁ ላይ የሚገባው ከ1,700 ዩሮ ብዙም አይበልጥም።

ስዊድን በሕግ የተወሰነ የደመወዝ ወለል የላትም። ክፍያው የሚወሰነው በሠራተኛ ማኅበራትና በአሠሪዎች መካከል በሚደረግ የኅብረት ስምምነት ሲሆን ከአሥር ሠራተኞች ወደ ዘጠኙ የሚጠጉት በዚህ ጥላ ሥር ናቸው። ከስምምነቱ ውጭ ያለ አሠሪ ዘንድ የተቀጠረ መጤ ግን የሚጠብቀው ወለል የለውም። ስለዚህ በስዊድን ውል ከመፈረም በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ “አሠሪው የኅብረት ስምምነት አለው ወይ?” የሚለው ነው።

ሌላም ብዙዎች የማያስተውሉት ልዩነት አለ። በጀርመን የሥራ አጥነት ዋስትና ከደመወዝ በግዴታ ይቆረጣል፤ በመደበኛው ሁኔታ ቢያንስ 12 ወር መዋጮ የከፈለ ሰው ሥራ ሲያጣ ከተጣራ ደመወዙ 60 በመቶ፣ ልጅ ካለው 67 በመቶ ያገኛል። በስዊድን ግን ከደመወዝ ጋር የተመጣጠነ ድጋፍ የሚያገኘው በፈቃዱ የሥራ አጥነት መድን ማኅበር አባል ሆኖ ወርኃዊ መዋጮ የከፈለ ሰው ነው። ይህን ሳያውቅ የቆየ መጤ ሥራ ባጣበት ቀን እጅግ አነስተኛ ድጋፍ ይጠብቀዋል።

ቤት

ከአምስተኛው ደረጃ በስተጀርባ ያለው ትልቁ ድክመት በሁለቱም አገሮች መኖሪያ ቤት ነው። በሙኒክ በጋራ ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ለመከራየት በወር 800 ዩሮ ገደማ ያስፈልጋል። በምሥራቅ ጀርመኗ ኬምኒትስ ተመሳሳይ ክፍል ከዚህ ግማሽ በታች በሆነ ዋጋ ይገኛል። አከራይ እስከ ሦስት ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ መጠየቅም ይችላል። ስለዚህ በጀርመን የሚኖሩበት ከተማ ምርጫ የደመወዙን ያህል ዋጋ አለው።

በስቶክሆልም ችግሩ ከዋጋው ይልቅ ወረፋው ነው። ኪራያቸው በቁጥጥር ሥር ያሉ ቤቶች በከተማው የቤት ድልድል ተቋም በኩል የሚሰጡት በምዝገባ ቅደም ተከተል ሲሆን አማካይ የጥበቃ ጊዜው ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ደርሷል። ለአዲስ መጤ ይህ “የላም አለኝ በሰማይ” ዓይነት ነው። ብዙዎች ከሌላ ተከራይ ላይ ለጥቂት ወራት፣ በውድ ዋጋ እየተከራዩ ከቤት ቤት ይዘዋወራሉ።

ልጅ፣ ሕመምና ዕረፍት

ስዊድን ጎልታ የምትታየው ልጅ ላለው ሰው ነው። ለአንድ ልጅ 480 ቀን ክፍያ ያለው የወላጅ ፈቃድ ትሰጣለች፤ ከዚህ ውስጥ 390ው ቀን ከገቢ 80 በመቶ ገደማ የሚከፈልበት ነው። ለእናትም ለአባትም 90 ቀን ለየብቻ ተይዟል፤ አንዱ ለሌላው ማስተላለፍ አይችልም። የሕፃናት ማቆያ ክፍያም ከ2002 ጀምሮ ጣሪያ ተበጅቶለታል።

ጀርመን እስከ 14 ወር የሚደርስ የወላጅ ድጋፍ ትከፍላለች፤ መጠኑ ግን በወር ከ1,800 ዩሮ አይበልጥም። ከነሐሴ 2013 ጀምሮ አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን የማቆያ ቦታ የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው። በተግባር ቦታው በብዙ ከተሞች አይበቃም። ክፍያውም እንደየክፍለ አገሩ ይለያያል፤ በርሊን ከ2018 ጀምሮ ክፍያውን አንሥታለች። በወርኃዊ የልጅ ድጎማ ግን ጀርመን ትልቃለች። በ2025 ለአንድ ልጅ 255 ዩሮ ስትከፍል ስዊድን የምትሰጠው 1,250 ክሮና፣ ማለትም ከዚህ ግማሽ በታች ነው።

በሕመም ጊዜም ጀርመን ትሻላለች። አሠሪው እስከ ስድስት ሳምንት ሙሉ ደመወዝ ይከፍላል። በስዊድን ከመጀመሪያው የሕመም ክፍያ ላይ ተቀናሽ ተደርጎ የሚቀረው 80 በመቶ ነው። በዓመት ዕረፍት ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው የስዊድን ሕግ 25 ቀን፣ የጀርመን ሕግ 20 ቀን ዝቅተኛ አድርገው ደንግገዋል።

ከገንዘብ ውጭ ያለውም ኑሮ ነው። በታኅሣሥ ወር ስቶክሆልም ፀሐይ የምታየው ስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ በሰሜን ጫፍ ባለችው ኪሩና ለሳምንታት ጭርሱን አትወጣም። በስቶክሆልምም ሆነ በፍራንክፈርት የኢትዮጵያውያን ቤተ እምነቶችና ምግብ ቤቶች መኖራቸው የብቸኝነቱን ጫና ያቀልላል፤ ጨለማውንና ቅዝቃዜውን ግን አያስቀርም።

ለማን የትኛው?

ከላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል፣ እጁ ላይ ሙያ ያለው፣ ጀርመንኛ ለመማር የቆረጠና በአነስተኛ ከተማ ለመኖር የማይከብደው ወጣት በጀርመን የተሻለ የሥራ ዕድል አለው። ሥራውን አስቀድሞ በውል ያረጋገጠ፣ ከፍተኛ ትምህርት ያለውና ልጅ የሚያሳድግ ባለሙያ ደግሞ በስዊድን የተሻለ ኑሮ ሊመራ ይችላል። ሙያም ቋንቋም ሳይዝ፣ በደላላ ወሬ ብቻ የሚነሣ ሰው ግን ለሁለቱም አገሮች እኩል ሩቅ ነው።

በመሆኑም ከብቱ ከመሸጡና ቁጠባው ከባንክ ከመውጣቱ በፊት ቤተሰብ በአንድነት ተቀምጦ አራት ነገሮችን ማጣራት ይገባዋል። የልጁ ሙያ በዚያ አገር እውቅና ያገኛል ወይ? ቋንቋውን የት፣ በስንት ጊዜ ይማራል? ከግብርና ከመዋጮ በኋላ የሚቀረው ደመወዝ ስንት ነው? በሚሄድበት ከተማ የቤት ኪራይስ ስንት ይወስዳል? የመግቢያ መስፈርቶች በየጊዜው ስለሚለወጡም የመጨረሻው መልስ መወሰድ ያለበት ከየአገሮቹ ኤምባሲዎች እንጂ ከደላላ አይደለም።