የሚያለቅሰው ጨቅላና የሚዳብሰው እጅ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ በር መንገድ ላይ በምትገኘው በአየር ጤና፣ የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ የተቀመጠች አራስ፣ ሕፃኗ ከሠርክ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያለቅስባት፣ አጥብታው ዝም የማይል፣ አዝላውም የማይተኛ ሲሆንባት፣ ከጎረቤት አንዲት ባልቴት ገብተው ሕፃኑን ከእጇ ተቀብለው ጀርባውን ዳበስ ካደረጉ በኋላ «ልጄ፣ ይህ ሕፃን ወገቡ ተቀጭቶ ነው፤ ወጌሻ ይየው» ማለታቸው ከአበው ዘመን ጀምሮ የኖረ ወግ ነው። ባሕር ተሻግራ በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር እኅቷም እንዲሁ ያለ ሌሊት ሲገጥማት የምትሰማው ምክር በመልክ እንጂ በባሕርዩ ብዙ አይለይም፤ እርሷን ወደ ካይሮፕራክተር፣ ማለት አከርካሪን በእጅ እየተጫነ ሕመም አርቃለሁ ወደሚል ባለሙያ ይልኳታል። የአገራችን ወጌሻና የአሜሪካው ባለሙያ ከቶ ሳይተዋወቁ፣ የጨቅላ ልቅሶ ከአጥንት መዛነፍ ይመጣል በሚለው እምነት ተገናኝተዋል።

ካይሮፕራክቲክ የተባለው ጥበብ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት፣ ዳቬንፖርት በምትባል ከተማ ነው። በመግነጢሳዊ ፈውስ ይተዳደር የነበረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር፣ ሃርቪ ሊላርድ የተባለ መስማት የተሳነው የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛን አከርካሪ ተጭኜ መስማቱን መለስኩለት ካለ በኋላ፣ ከመቶ ሕመም 95ቱ ከአከርካሪ አጥንቶች መንሸራተትና ከነርቭ መጨቆን የሚመጣ ነው ብሎ አስተማረ። የመስማት ነርቭ ግን ከአንጎል ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ጆሮ የሚገባ ስለ ሆነ በአከርካሪ ውስጥ አያልፍም፤ ስለዚህ ትምህርቱ ከመሠረቱ ጀምሮ ከሥጋችን አሠራር ጋር የማይስማማ ነበር። ይህ ሆኖ ሳለ በጎልማሶች የወገብ ሕመም ላይ የእጅ ሕክምና ጥቂት እፎይታ ሊሰጥ እንደሚችል ብዙ ሊቃውንት ይቀበላሉ። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከባለሙያዎቹ አንዳንዶቹ ከጎልማሳው አልፈው ወደ ሕፃኑ በመምጣት የሆድ ቁርጠትን፣ የጆሮ ሕመምን፣ አስምንና በእንቅልፍ ልብ መሽናትን እናድናለን ማለታቸው ነው።

ለዚህ መልስ ለማግኘት አስቀድሞ የጨቅላን ልቅሶ ማወቅ ይገባል። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ሞሪስ ዌሰልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በደኅና እየጠባና እየፋፋ ያለ ሕፃን በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ከ3 ሳምንትም በላይ ቢያለቅስ ይህ የጨቅላ ቁርጠት እንዲባል ወሰኑ። ልቅሶው ከተወለደ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምራል፤ በስድስተኛው ሳምንት ከጫፍ ይደርሳል፤ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ማንም ሳይነካው ይበርዳል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና የሚነሡ ስለ ሆነ፣ የወንዱ ልጅ ክርስትና ልቅሶው ከጫፍ በደረሰበት ሰሞን፣ የሴቷም ልቅሶዋ ሊያበቃ በተቃረበበት ሰሞን ይውላል፤ እናት የልጇን ልቅሶ ዘመን በዚህ ልትቈጥረው ትችላለች። እንግዲህ በሰባተኛው ሳምንት ወደ ወጌሻ ተወስዶ በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ዝም ያለ ሕፃን፣ ባይወሰድም በዚያው ሰሞን ዝም ማለቱ አይቀርም ነበር፤ ምስጋናው ግን ለተፈጥሮ ሳይሆን በመካከል ለገባው እጅ ይሰጣል። ወጌሻው አታላይ ስለ ሆነ አይደለም፤ እናቲቱም እርሱም በዓይናቸው ያዩትን በቅንነት ይመሰክራሉ። የዓይን ምስክርነት ብቻውን የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህንም ለመመርመር በኖርዌይ፣ በበርገን ከተማ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ፈተና ተደርጓል። በቁርጠት የሚያለቅሱ ሕፃናት በሁለት ተከፍለው፣ እኩሌቶቹን ካይሮፕራክተር አከርካሪያቸውን ሲያክም፣ የቀሩትን ነርስ ለ10 ደቂቃ ያህል ታቅፋ ትመልስ ነበር፤ ወላጆቹም ልጃቸው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ አያውቁም። በመጨረሻ ከታከሙት 46 ሕፃናት 32ቱ፣ ከታቀፉት 40 ሕፃናት ደግሞ 24ቱ ተሻላቸው፤ ይህም በሊቃውንት ስሌት ልዩነት የማይባል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮክሬን የተባለው የምርምር ማኅበር በጠቅላላው 325 ሕፃናት የተካፈሉባቸውን 6 ፈተናዎች መርምሮ፣ ልቅሶ ቀነሰ ያሉት አብዛኞቹ ወላጆች ልጃቸው መታከሙን ያውቁ እንደ ነበርና ማስረጃው ፍርድ ለመስጠት የማይበቃ መሆኑን አስታወቀ። እኔ ከዚህ ሁሉ የማነበው፣ የደከመች እናት ልጇን ለጥቂት ጊዜ የሚይዝላት ሌላ ክንድ ማግኘቷ ራሱ ትልቅ ነገር መሆኑን ነው፤ ለዚህ ደግሞ አያት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ትበቃለች፤ አከርካሪም መነካት አያስፈልገውም።

ሌላው ጥያቄ ጉዳት ነው፤ የጨቅላ አከርካሪ ብዙው ክፍሉ ገና ወደ አጥንትነት ያልጸና ነው፤ ጭንቅላቱ ከአካሉ ጋር ሲመዛዘን ከባድ፣ አንገቱም ሊሸከመው የማይችል ደካማ ነው። ለሕፃን የሚጠቀሙት ግፊት በጣት ጫፍ የሚደረግ ቀላል ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እውነትም ብዙዎቹ እንዲሁ ያደርጋሉ። ቢሆንም የአውስትራሊያ የካይሮፕራክቲክ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት አከርካሪ በእጅ እንዳይታከም አሳሰበ፤ ይህ ማሳሰቢያ በ2023 መጨረሻ ተነሥቶ፣ ብርቱ ክርክር ከተነሣበት በኋላ በ2024 ዳግመኛ ተመልሷል።

በእጅ ማከም ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ግን ሌላ ስሕተት ይሆናል። ፓልመር ካስተማረባት ከዳቬንፖርት መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በአዮዋ ሲቲ፣ በስፔን የተወለዱት ዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ቆልማማ እግር ይዘው የሚወለዱ ሕፃናትን እግር በየሳምንቱ በእጃቸው በቀስታ እየመለሱ በጀሶ በማሰር፣ ብዙ ጊዜም የተረከዙን ጅማት በመቍረጥ፣ ከዚያም እስከ 4 ዓመት ገደማ በሌሊት በሚደረግ ልዩ ጫማ በመጠበቅ የሚያቀና ሕክምና አገኙ። የታከሙትም ሕፃናት አድገው ከ30 ዓመት በኋላ እንኳ እየተጠሩ ተመርምረዋል፤ ሁለቱን የአዮዋ ጥበባት የሚለያያቸው ይህ ምርመራ ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ የተከፈተው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይህንን ሕክምና ይሰጣል። ለአየር ጤና ቅርብ በሆነው በዘነበ ወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተቋቋመ ጀምሮ የተኮራመተ ጣትን በፊዚዮቴራፒ ሲያፍታታ የኖረ ነው፤ አንገቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ጨቅላም የአንገቱን ጡንቻ በልክ በሚስብ እንቅስቃሴ በእንዲህ ያሉ ባለሙያዎች እጅ ይቃናል።

እጅግ የሚያሳስበኝ ሕፃኑን ሐኪም ሳያየው በመታሸት የሚያልፈው ጊዜ ነው። እግሩ የጎበጠ ወይም ለመራመድ የዘገየ ሕፃን ወደ ወጌሻ ሲመላለስ፣ ሕመሙ ሪኬትስ፣ ማለት ፀሐይ በማጣት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ፀሐይ ያልነፈጋት ከተማ ብትሆንም፣ ብርድን በመፍራት ልጅን ጠቅልሎ በቤት ማኖር ይህን ሕመም አብዝቶባት ኖሯል። በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ጋር አነጻጽሮ፣ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዙ ዕድል 13 እጥፍ ያህል የበዛ መሆኑን አሳየ፤ የጎን አጥንቱ ከለሰለሰ መተንፈስም ይቸግረዋልና። እንዲህ ያለው ለስላሳ አጥንት በሚጎትትና በሚጫን እጅ ሊሰበር ይችላል፤ ከተሰበረም በኋላ በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደም ተከልክሎ እጅና እግር እስከ መቆረጥ የደረሱ ልጆችን የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች አይተዋል። በወለምታና በቅጭት ስንት ጎልማሳ ያቆሙትን ወጌሾች አከብራለሁ፤ ጨቅላ ግን ለእነርሱ መሰጠት የለበትም።

ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሰውነቱ ቢያተኩስ፣ አረንጓዴ ቢያስመልስ፣ መጥባት ቢተው፣ እርግብግቢቱ ቢያብጥ፣ ቢያንቀጠቅጠው ወይም አንዱን እጅ ወይም እግር ማንቀሳቀስ ቢያቆም፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል እንጂ ወደ ማንም አሺ አይወሰድም። ከእነዚህ አንዱም የሌለበት ግን የሚያለቅስ ሕፃን ያላት እናት፣ ልቅሶው በሚበረታበት በዚያው ሰሞን ለ45 ቀን ክትባት ጤና ጣቢያ መሄዷ ስለማይቀር፣ መርፌው ብቻ ተወግቶ እንዳይመለስ ልጇን ገልጣ አንገቱን፣ ዳሌውንና የእግሩን መዳፍ እንዲያዩላት፣ ክብደቱንም እንዲመዝኑላት ትጠይቅ፤ ስለ ልቅሶውም በዚያው ትንገራቸው።